የአየርላንድ ጭሰኞች ታሪክ ጄምስ ዴሊን ለምን ወደ ዳር ገፋው?

የአየርላንድ ጭሰኞች ትግል በተነሳ ቁጥር የሚጠሩት የትግሉ አደራጅ ማይክል ዳቪትና የፓርላማ አባሉ ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል ናቸው። ክብሩ ይገባቸዋል። ነገር ግን እንቅስቃሴው በተቀጣጠለበት የኢሪሽታውን መንደር ስብሰባ (በፈረንጆች አቆጣጠር ኤፕሪል 20 ቀን 1879) ሁለቱም አልተገኙም። ስብሰባውን የመራው ጄምስ ዴሊ ነበር፤ በምዕራብ አየርላንድ የሚገኘው የሜዮ አውራጃ ገበሬ፣ ብሔርተኛ ፖለቲከኛ፣ በካስልባር ከተማ የሚታተመው የ«ኮናክት ቴሌግራፍ» ጋዜጣ ባለቤት።

ጊዜው ክፉ ነበር። ከ1877 ጀምሮ ምርት ተበላሽቷል፣ የእህልና የከብት ዋጋ ወርዷል፣ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በመኸር ሥራ የሚገኘው ገንዘብም ቀንሷል። የመሬቱ ኪራይ ግን እንዳለ ነው። በ1840ዎቹ በድንች በሽታ የመጣውን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። በ1879 መጀመሪያ የኢሪሽታውን አካባቢ ጭሰኞች ወደ ዴሊ ሄደው በደላችንን በጋዜጣዎ ያውጡልን አሉት። በስም ማጥፋት መከሰስን ፈራ። የሚበዛው አዘጋጅ እዚህ ላይ ሸኝቷቸው ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ዴሊ ግን በአደባባይ ተሰብስባችሁ ራሳችሁ ተናገሩ ብሎ መከራቸው፤ ዝግጅቱንም አብሯቸው ያዘ። ሺዎች ወጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለእኔ የዚህ ሰው ታላቅነት ያለው እዚህ ምክር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በነሐሴ ጭሰኞች የተደራጁበት የሜዮ የመሬት ማኅበር፣ በጥቅምት ደግሞ ፓርኔል የሚመራው ብሔራዊው የመሬት ማኅበር ተቋቋመ። በኅዳር ዴሊ፣ ዳቪትና የቤልፋስቱ ጠበቃ ጄምስ ኪለን በስላይጎ አውራጃ ባደረጉት ንግግር ታሰሩ፤ ክሱ ግን ከሸፈ።

ዴሊ ወደ ዳር የተገፋው ዝም ማለት ስላልቻለ ይመስለኛል። አመራሩ ከሜዮ ወጥቶ ደብሊን ሲከትም፣ የማኅበሩ ገንዘብ የሚወጣበትን መንገድ ሲያይ፣ በጋዜጣው በግልጽ ነቀፈ። ወዳጆቹ ራቁት። የትግሉን ታሪክ በኋላ የጻፉት ደግሞ በአብዛኛው ማዕከሉ አጠገብ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም። ዴሊ ሰፊ ግጦሽ ተከራይቶ ከብት የሚያረባ፣ ከብዙ ጎረቤቶቹ የተሻለ ኑሮ ያለው ሰው ነበር። በሜዮ ድሃው ጭሰኛ የሚመኘው ለም መሬት ደግሞ በብዛት በከብት አርቢዎች እጅ ነበር። ይህ ቅራኔ በእሱ ብቻ አላበቃም፤ ከ1906 ጀምሮ መሬት ያነሳቸው ገበሬዎች የአርቢዎችን ከብት ከግጦሽ እያባረሩ መበተን ጀመሩ። ዴሊ በ1911 ሲሞት ብዙ ጭሰኞች በ1903ቱ የዊንድሃም ሕግ በብድር መሬታቸውን እየገዙ ነበር፤ የትልልቆቹ ግጦሾች ክፍፍል ግን ገና ያከራክር ነበር።