«ይሞቃል አይደል?»

ሦስት ሳምንት ዝም ብዬ ከረምኩ። አልወጣልኝም። ትራክ የምትነዱ፣ ወይ ባላችሁ፣ ወይ ወንድማችሁ ትራክ የሚነዳ ሁሉ፣ እባካችሁ ስለ ጋቢና ሂተር ይህችን አንብቡልኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ዋዮሚንግ ነኝ፣ ኢንተርስቴት 80 የሚባለው አውራ ጎዳና ዳር ቆሜያለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ነው፤ ነፋሱ ትራኩን ይወዘውዘዋል። 11 ሰዓት ነድቼ፣ ሕጉ የሚያስገድደውን የ10 ሰዓት እረፍት ጋቢናው ውስጥ ተኝቻለሁ። ከአልጋው ስር ያለው የናፍታ ሂተር ይሠራል። ሙቀቱ ደስ ይላል።

ጩኸት ቀሰቀሰኝ። መጀመሪያ የስልኬ አላርም መሰለኝ። ለመነሳት ስሞክር ራሴን ለሁለት የሚፈልጠኝ ነገር አለ፤ ያቅለሸልሸኛል፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። የሚጮኸው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ነው። ቁጥሩ 118 ይላል፤ ከሚሊዮን የአየር እጅ 118ቱ ይህ ጋዝ ነው ማለት ነው። ሂተሩን አጠፋሁ፣ በሩን በርግጄ በካልሲ በረዶው ላይ ወረድኩ።

ያንን ማስጠንቀቂያ የገዛችው ባለቤቴ ናት። ሂተሩን የገጠመው ሰውዬ ስለሱ ትንፍሽ አላለም።

እኛ እኮ ይህን ነገር ከማንም በላይ እናውቀዋለን! ከሰል ቤት ውስጥ ይዛችሁ አትተኙ እየተባልን አይደል ያደግነው? በክረምት በር ዘግተው ከሰል ሲሞቁ አድረው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ማን አለ? ያው ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ደማችንን ከኦክስጅን 200 እጥፍ ያህል አጥብቆ ይይዘዋል። የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱን አይሰማውም። እንቅልፉ ብቻ ይከብደዋል።

«ታዲያ ሂተሩን ለምን አስገጠምከው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሞተር አስነስቶ ማደር በሰዓት 0.8 ጋሎን አካባቢ ናፍታ ይበላል። በ10 ሰዓት 8 ጋሎን ማለት ነው። ትንሹ ሂተር ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ግማሽ ጋሎን ቢወስድ ነው። ካሊፎርኒያ ከገባችሁ ደግሞ ከ5 ደቂቃ በላይ ሞተር አስነስቶ መቆም ያስቀጣል። ሂተሩ ጥሩ ዕቃ ነው። ጠቤ ከዕቃው ጋር አይደለም።

አሠራሩም የሚከብድ አይደለም። ሁለት የማይገናኙ አየሮች አሉ። አንዱ የጋቢናው አየር ነው፤ በጋለው ብረት ዙሪያ አልፎ ሞቆ ይመለሳል። ሌላው የእሳቱ አየር ነው፤ ከውጭ በቱቦ ይገባል፣ ናፍታውን ያቃጥላል፣ በጭስ ቱቦ ተመልሶ ወደ ውጭ ይወጣል። የገጣሚው ሥራ እነዚህ ሁለቱ እንዳይገናኙ ማድረግ ነው። የምንከፍለው ለዚህ ነው።

ዴንቨር ስደርስ ራሴ መብራት ይዤ ከስር ገባሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

የጭስ ቱቦው አንድ ስንዝር ተኩል ብቻ ነው። ከወለሉ ስር ወጥቶ እዚያው፣ ልክ ከአልጋዬ በታች ያበቃል። ወደ ጎን ወጥቶ ከጋቢናው መራቅ ሲገባው አፉ ወደ ወለሉ ዞሯል። ወለሉ ላይ የሰሃን አፍ የሚያህል ጥቁር ጥላሸት ተለጥፏል። ቱቦውን የሚያጠብቀውን ፋሼታ በሁለት ጣቴ አዞርኩት፤ ዞረልኝ! ከዚያ ወደ ላይ ወጥቼ ሂተሩን ራሱን ፈታሁት። ከብረት ሰሌዳው ስር ተቀምጦ ክፍተቱን መድፈን ያለበት ጓርኒሲዮን የለም። ወለሉ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ መሃሉ ክፍት ነው። ጓርኒሲዮኑን የት እንዳገኘሁት ታውቃላችሁ? ቤት፣ ጋራዥ ያስቀመጥኩት ካርቶን ውስጥ፣ ከነላስቲኩ፣ ሳይከፈት። ከመመሪያው ወረቀት ጋር።

ጓርኒሲዮኑን ይዤ ምን ያህል ደቂቃ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። አንዲት ስስ ክብ ነገር ናት። ለማስገባት ሁለት ደቂቃ አትፈጅም።

ለገጣሚው ደወልኩለት። የሀገር ልጅ ነው፤ አምኜው ነው የሄድኩት። ሁሉንም ነገርኩት። «ወንድሜ፣ ይሞቃል አይደል?» አለኝ። በቃ ይህችን ነው ያለኝ። እኔ ልሞት ነበር እያልኩት እሱ ይሞቃል አይደል ይለኛል! ከሰልም እኮ ያሞቃል። ጨጓራዬን የላጠኝ ቱቦው አይደለም፣ ይህች መልስ ናት። ሰው ይሳሳታል። ተሳስቼ ነው፣ አምጣውና ላስተካክለው ቢለኝ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከዚያ ጓደኞቼ ደግሞ አሉ። «እኔ ሁለት ክረምት አድሬበታለሁ፣ ምንም አላለኝም» ይሉኛል። ምንም ያላላችሁ ነፋሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለነፈሰ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ራሳችሁን ሲያማችሁ የእንቅልፍ እጦት ነው ብላችሁ ቡና ጠጥታችሁ የምትነሱት ስንቴ ነው? አንዱ እንዲያውም ማስጠንቀቂያው ስለሚጮህበት ባትሪውን አወጣው! ይህ መሣሪያ እኮ በትንሽ በትልቁ አይጮህም። እዚህ አሜሪካ የሚሸጡት የተሠሩበት መስፈርት 70 ላይ እስከ 4 ሰዓት ድረስ እንዲታገሥ ይፈቅድለታል። ከጮኸ ታግሦ ታግሦ ነው የጮኸው።

ዋጋውም አይደለም ሰበቡ። የቻይናው መቶ ምናምን ዶላር ነው፣ የጀርመኖቹ ኤበርስፓቸርና ዌባስቶ ተገጥመው ከሺህ በላይ ይገባሉ። ግን የጭስ ቱቦው አልጋ ስር ካበቃ ውዱም ያው ይገድላል። ርካሹን ስትገዙ ከካርቶኑ የወጣውን ፋሼታና የነዳጅ ቱቦ በጠንካራ ቀይሩት፣ የጋለው የጭስ ቱቦ ናፍታ ቱቦና ካቦ አጠገብ አይለፍ፣ ነዳጅ ስትቀዱ ሂተሩ ይጥፋ። ስታጠፉትም በራሱ ማብሪያ እንጂ ከባትሪ አትቁረጡት፤ ማራገቢያው ጥቂት ደቂቃ ዞሮ ውስጡን ማቀዝቀዝ አለበት። በረዶ ሲከመር ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት የቱቦውን አፍ ጥረጉ። ይህን ሁሉ መመሪያው ወረቀት ላይ በሥዕል አስቀምጦታል። አንብቡልን ብለን አይደል ገጣሚዎቹን የምንከፍላቸው?

የኔን ራሴ አስተካከልኩት። ጓርኒሲዮኑ ገባ፣ ቱቦው ረዝሞ ወደ ጎን ወጣ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያም ገዝቼ ትራሴ አጠገብ ሰቀልኩ። ገንዘቤ አልተመለሰም። ገጣሚው ስልኬንም ማንሳት ትቷል።

ትናንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ገና ፈቃድ ማውጣቱ ነው፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ሂተር ሊያስገጥም እዚያው ሰውዬ ጋራዥ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዟል፤ ርካሽ ስለሆነ። አትሂድ ብዬው ነበር፣ ቀብድ ከፍያለሁ አለኝ። አብሬው እሄዳለሁ። ሥራው አለቀ ሲሉን፣ ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት፣ መብራቴን ይዤ ከስር እገባለሁ።