የተቀዳ ሰው «ይሰማችኋል?» ሲል

ትናንት ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ «አዎ፣ ይሰማል» አልኩ። ጮክ ብዬ። ለማን? ለኮምፒውተሩ። የተቀዳ የኦንላይን ትምህርት እያየሁ ነበር። ቅጂው 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነው። መምህሩ የመጀመሪያዎቹን 11 ደቂቃዎች «ይሰማችኋል? ስክሪኔ ይታያችኋል? አሁንስ?» እያለ ፈጃቸው። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አንጀቴን በላውና መለስኩለት። ሰውዬው ግን ይህን የጠየቀው ባለፈው ዓመት ነው። ዘንድሮ ያንኑ ቅጂ ሳይቆርጥ፣ ሳይነካ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ጫነልን።

እኔም ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ስታቲስቲክስ ላይ ስለምደናበር ነው ኮርሱን የተመዘገብኩት። ስለዚህ የማማው የሙያ ባልደረባዬን ነው። ልማዋ።

ከ12ኛው ደቂቃ ጀምሮ ስላይድ ማንበብ ያዘ። ያለውን ሁሉ። ማንበብ እኮ እኔም እችላለሁ፤ እንዲያውም ቀድሜው እጨርስና እስኪደርስብኝ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።

ይሄኔ ተማሪ ሳለሁ ያስተማረን አንድ ሌክቸረር ትዝ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ቂሙ ግን አለ። ጠርዙ የተበላ ቢጫ ወረቀት ይዞ ይገባል፣ «ጻፉ» ይላል፣ እንጽፋለን። ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ይነግረን ነበር። አንድ ቀልድ አለችው፤ ከኛ በፊት የተማሩት በየትኛው ሳምንት እንደምትመጣ አስቀድመው ነግረውናል፣ ሳምንቷ ስትደርስ እሱ ይስቃል፣ እኛም ለግሬዳችን ብለን እንስቃለን። ፈተና ላይ የገባኝን በራሴ ቃል ጻፍኩ። ሲ ሰጠኝ። ለምን ብለው «እኔ እንዲህ አላልኩም» አለኝ። ያቺ ሲ እስከዛሬ ታሳክከኛለች።

ለነገሩ ማንበቡ ታሪክ አለው። «ሌክቸር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው «ማንበብ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን መጽሐፍ በእጅ የሚገለበጥ ውድ ዕቃ ስለነበር መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው ይሰማል። እሺ፣ ይሁን። ግን ጉተንበርግ ማተሚያውን የሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወሬው ያልደረሳቸው አሉ ማለት ነው። ቢጫው ወረቀት አሁን መብራት ገባለት፣ ስላይድ ተባለ፣ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ሌላ የተቀየረ ነገር የለም።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ማሰሪያ አንቀጽ እንኳ የለውም። ዳውላውን ምን እንዳደረገው አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልገውም፣ ሁላችንም እናውቃለን። አህያው ይራገጣል፣ ዳውላው አይራገጥም። በቃ፣ ዱላው የት እንደሚያርፍ ታወቀ።

የኦንላይን ክፍል ዳውላው ብዙ ነው። ለምሳሌ ካሜራ። ተማሪ አልነቃ ሲል «ካሜራ ያልከፈተ እንደቀረ ይቆጠራል» ይባላል። ልጁ ከሦስት ሰው ጋር በሚጋራው ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሆናል፣ ዳታውም እያለቀበት ይሆናል። ፊቱን ማየት ምን ይሠራል? እንቅልፉን በቀጥታ ለመከታተል? ፈተናው ደግሞ ይብሳል። «ተርጉም፣ ዘርዝር» የሚል፣ መልሱ በአንድ ፍለጋ የሚገኝ ጥያቄ ያወጡና ተማሪው ዐይኑን ወዴት እንዳዞረ የሚቆጥር ሶፍትዌር ይገዛሉ። ጥያቄውን ፈርቶ ዐይኑን! ጭንቅላት የሚያሠራ ጥያቄ ማውጣት ያደክማላ። ይሄ እውነቴን ነው የሚያናድደኝ። ገና ጥፋት ሳይገኝበት ቤቱ ድረስ ገብተህ እንደ ሌባ የምታየው ልጅ ካንተ ምን ይማራል?

በ1840 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አይዛክ ፒትማን የሚባል ሰው አጭር ጽሕፈት በፖስታ ያስተምር ነበር። ተማሪው ልምምዱን ጽፎ ይልካል፣ ታርሞ በፖስታ ይመለስለታል። በፖስታ! እኔ ከአምስት ሳምንት በፊት የላክሁት አሳይንመንት ዛሬም «ደርሷል» ይላል። ደርሶ ቁጭ ብሏል። ሙድል የሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ መወያያ አለው፣ ኩዊዝ አለው፣ ለያንዳንዱ ተማሪ አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ አለው። እኛ የፒዲኤፍ መጋዘን አደረግነው። ያውም በጎኑ የተነሳ ፒዲኤፍ፤ አንገቴን ጠምዝዤ ነው የማነበው።

ምን ይሻላል ለሚል ሰው መልሱ ከባድ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ኤድኤክስ በሚባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ ላይ የታዩ ቪዲዮዎችን የመረመሩ ሰዎች 6.9 ሚሊዮን እይታ አገላብጠው፣ ቪዲዮው የፈለገውን ያህል ቢረዝም ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አገኙ። የኔው ሰው 6ኛው ደቂቃ ላይ ገና «ይሰማችኋል?» እያለ ነበር። ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እንደ ሰው የሚያወራ መምህር ብዙ ወጪ ከወጣበት የስቱዲዮ ቀረጻ የበለጠ ተማሪ ሊይዝ እንደሚችልም አዩ። ስለዚህ «ስቱዲዮ ይሠራልን» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ያበቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ። ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከማንበብ ይልቅ ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። እና ቆራርጦ መቅዳት፣ መሃል መሃሉ ላይ አንድ ጥያቄ መጣል፣ ሲመልሱ መልስ መስጠት። ሮኬት ማምጠቅ አይደለም።

ይህንንማ በሥልጠና ነግረውናል። ወይ ሥልጠና! «አሳታፊ የኦንላይን ትምህርት አሰጣጥ» ይባላል። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሁላችንም ሚውት ተደርገናል፣ ቻቱም ተዘግቷል። ሁለተኛው ሰዓት ላይ አሠልጣኙ «ረጅም ገለጻ ተማሪን ያሰለቻል» የሚል ስላይድ ረጅም ገለጻ አደረገበት። ካለቀ በኋላ ሰርተፍኬቱ በአራት ደቂቃ ኢሜይሌ ገባ፤ ስሜ ተሳስቷል።

ግን ቆይ። ይህን ሁሉ ስጽፍ ዱላዬ ያረፈው ማን ላይ ነው? ያ መምህር ምን ተሰጠው? ፓስዎርድና «በርቱ»። እንደኔው ከሆነ ክፍለ ጊዜው አልተቀነሰለትም። ዕድገት ሲጠይቅ የሚቆጠርለት ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ሌክቸሩን እንደገና ቆራርጦ ቢቀዳ ማን ይቆጥርለታል? ይህን ለዲናችን ስብሰባ ላይ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ዲን ደግሞ ይራገጣል።

ወደ ቅጂው ልመለስ። ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው «ጥያቄ አለ?» አለ። ሁለት ሰከንድ ጠበቀና «ከሌለ እሰየው» ብሎ አለፈ። እኔ ነበረኝ። መወያያው ላይ ልጽፍ ብገባ ያንኑ ጥያቄ ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ጠይቆታል። መልስ የለም። ተናድጄ የራሴን ኮርስ ከፈትኩ፣ ላወዳድር ብዬ። 17 ያልተመለሱ ጥያቄዎች። ሦስቱን መለስኩ፣ ከዚያ መሸ። አንደኛዋ ከተመረቀች ከራርማለች፤ ለሷም መለስኩላት።