አፕዴት አድርጉ ማለት ብቻውን አይበቃም

አንድ ጸሐፊ በአንድ የዎርድፕረስ (የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር) ቴም፣ ማለትም የሳይቱን መልክ በሚወስነው የፋይሎች ስብስብ፣ ስለተገኘ የኤስኪውኤል ኢንጄክሽን ክፍተት (ሰርጎ ገብ የራሱን ትእዛዝ የሳይቱ መረጃ ወደሚቀመጥበት ዳታቤዝ የሚያስገባበት ቀዳዳ) ጽፈው «ቶሎ አፕዴት አድርጉ» ብለው ጽሑፋቸውን ዘጉት። እኔ ጎንደር ውስጥ ለሆቴሎችና ለአስጎብኚዎች ዌብሳይት እሠራለሁ፤ የኛ ችግር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ቴሙን የሚያወርደው ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ከሚሠራጭ የተሰበረ ቅጂ ነው። ላይሰንስ ለሌለው ቴም አፕዴት ከየት ይምጣለት? የተገዛውም ቢሆን፣ ሠሪው የቴሙን ፋይል በቀጥታ ነካክቶ የፋሲል ግቢውን ፎቶ፣ አማርኛውን፣ ሁሉን እዚያው ቀብሮት ይሄዳል። አፕዴት ሲደረግ ያ ሁሉ ስለሚጠፋ ባለቤቱ የአፕዴት ቁልፏን ባየ ቁጥር ይሸሻል። የራስን ለውጥ ከዋናው ቴም ለይቶ የሚይዘው ቻይልድ ቴም እኮ የተሠራው ለዚህ ነበር!

ስለ ክፍተቱ ራሱ ትንሽ ልጨምር። እንግዳው ክፍል መፈለጊያው ሳጥን ላይ የሚጽፈው ነገር እንዳለ ከዳታቤዙ ትእዛዝ ጋር ከተጣበቀ፣ አንዲት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ትበቃለች፤ ከእሷ ቀጥሎ የመጣው ተራ ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናል። ለጥምቀት ክፍል የያዙ ሰዎች ስም፣ ስልክና ኢሜይል በዚያ በኩል ይወጣል። ዎርድፕረስ ግብዓቱን ከትእዛዙ የሚለይ ፕሪፔር የሚባል ፈንክሽን (ዝግጁ የኮድ ቁራጭ) አለው። ግን እንግዳው የጻፈውን የያዘውን ቫሪያብል አስቀድመው ትእዛዙ ውስጥ ከለጠፉት በኋላ ፕሪፔር ቢሉት ምንም አይፈይድም፤ እንዲህ ያለ ኮድ በገንዘብ በተገዛ ቴምም አይቻለሁ።

አፕዴት ያደረጋችሁም የአድሚኖችን፣ ማለትም ሳይቱን የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ያላቸውን ተጠቃሚዎች፣ ዝርዝር እዩ። የማታውቁት ስም ካለ፣ ቀዳዳው ስለተደፈነ ብቻ አስቀድሞ በዚያ የገባው ሰውዬ አይወጣም፤ አጥፉትና ፓስወርዶቹን በሙሉ ቀይሩ።