ክርክር፦ የአያት ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ይግባ?

ነጥቡ፦ ቤተሰብ ሁሉ እናት፣ አባትና ልጅ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ባለሥዕል መጻሕፍት ለኬጂ ልጆች ይነበቡ ወይስ ይቅር? የሚከራከሩት ጎንደር ውስጥ ማራኪ ሰፈር የምታስተምር የኬጂ መምህርትና እዚያው ጎንደር አዘዞ የሚኖር አባት ናቸው።

መምህርቷ፦ ይነበቡ እንጂ! ክፍሌ ውስጥ እናቱ ቤይሩት ያለች ልጅ አለ፣ አክስቷ የምታሳድጋት አለች፣ የእንጀራ አባቱን አባዬ የሚል አለ። መጽሐፋችን ግን ከዳር እስከ ዳር አባት ከሥራ ሲገባ እናት ቡና ስታፈላ ነው። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1990 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ለልጅ መስታወትም መስኮትም ይሆናል ብላ ጽፋለች፤ ራሱን ያይበታል፣ ሌላውንም ያይበታል። የኛ ልጆች መቼ ራሳቸውን አዩ?

አባት፦ ገና ከመጀመሪያው አሜሪካ ገባን። እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ማንም ሥዕል አላሳየኝም፣ የጎደለብኝም የለም። ልጅ ካልነገሩት አያስበውም። እናቱ የናፈቀችውን ሕፃን ጓደኞቹ ፊት መጽሐፍ ዘርግቶ ማስለቀስ ምን ይባላል?

መምህርቷ፦ "ልጅ ካልነገሩት አያስበውም" አሉ? እሺ፣ የወላጆች ቀን ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ብሎ የሚቀረውን ልጅ ማን ነገረው? ደግሞ ነገሩ ከአሜሪካ አልመጣም። የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ቁስቋም ቅርብዎ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ1755 እ.ኤ.አ. ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሲሞት የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን አንግሠው እሳቸው ነበሩ አገር የሚያስተዳድሩለት። አያትና ልጅ በቤተ መንግሥትም ነበር።

አባት፦ ታዲያ ኢዮአስን በ1769 እ.ኤ.አ. ራስ ሚካኤል ስሑል እንዳስገደሉት ለምን አልጨመሩም? እሱንም ይሥሉላቸዋል? ለማንኛውም የኔ ጥያቄ መጽሐፉን ማን ይመርጣል ነው። በእርዳታ ካርቶን ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ማን አገላብጦ ያየዋል?

መምህርቷ፦ ቅድም "ይቅር" ነበር፣ አሁን "ማን ይምረጥ" ሆነ። "ካልነገሩት አያስበውም" የሚለውንስ የት ጣሉት? በአያት እጅ ያደገ ሰው አያት ያለችበት መጽሐፍ ሲፈራ ግን አይቼ አላውቅም።

አባት፦ አያቴን አይንኩብኝ!

መምህርቷ፦ ያመጧት እርስዎ ነዎት፣ ወንድሜ።

አባት፦ አዎ፣ አመጣኋት። አባትህ የት ነው ብለው ሲጠይቁኝ መልሱን የሰጠችኝ እሷ ናት፣ በራሷ ጊዜ፣ በራሷ አፍ። መምህር አልቀደማትም። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ወላጅ ሳይሰማ እንዲህ ያለ ነገር ለልጁ አይነበብ።

መምህርቷ፦ ወላጅ እንዲሰማ ስብሰባ እንጠራለን። የሚመጡት አያቶች ናቸው።

አባት፦ በሥራ ሰዓት እየጠራችሁ ማን ይምጣላችሁ? ቅዳሜ አድርጉት፣ እመጣለሁ። መጽሐፉንም ይዘው ይምጡ፣ እናየዋለን።