እርማት፦ መጠጥ የዘማችን ቅዠት አያስታግስም

«ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ቅዠት ካስቸገረው ማታ ሁለት መለኪያ ጠጥቶ ቢተኛ ይሻለዋል» በሚል የተሰጠው ምክር ከቅን ልቦና የመነጨ ቢሆንም ስህተት ነው፤ ጉዳቱም ቀላል ስላልሆነ ሊታረም ይገባል።

እርግጥ ነው፣ አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ሰውንም የሚያሳስተው ይኸው ነው። በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሕልም የሚበዛበትን የእንቅልፍ ክፍል ያፍነዋል፤ ከሰውነት እየወጣ ሲሄድ ግን የታፈነው ክፍል ወደ ንጋት በርትቶ ስለሚመለስ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ቅዠቱም ሊብስ ይችላል። የጉሮሮን ጡንቻዎች ስለሚያላላም በእንቅልፍ ላይ እስትንፋስ የሚቋረጥበትን ሕመም ያባብሳል። ይህ ሕመም የድኅረ አደጋ ጭንቀት (ከአስከፊ ገጠመኝ በኋላ የሚከተል የአእምሮ ሕመም) ባለባቸው የቀድሞ ወታደሮች ዘንድ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ማንኮራፋት ቆጥሮ ያልፈዋል።

የድኅረ አደጋ ጭንቀት በ1980 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ በስሙ የገባው፣ የቬትናም ዘማቾችና ሐኪሞቻቸው ባደረጉት ግፊት ጭምር ነው። ዛሬ በዚያው አገር ለቀድሞ ወታደሮች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት በቀዳሚነት የሚመከረው ክኒን እንኳ ሳይሆን፣ ጠዋት ከእንቅልፍ የሚነሡበትን ሰዓት በማጽናትና አልጋ ላይ ነቅቶ መቆየትን በመቀነስ የሚሰጥ የባሕርይ ሕክምና ነው። ለቅዠቱም ሕልሙን ቀን ላይ ጽፎ ፍጻሜውን መለወጥና አዲሱን በሐሳብ መለማመድ ለብዙዎች ይረዳል።

ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ግን በድንገት ማቆሙ ለሕይወት ሊያሰጋ ስለሚችል፣ እባካችሁ አስቀድሞ ሐኪም እንዲያማክር እርዱት።