በቆሎም ይጣራል

ስለ ዕፅዋት ንግግር የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን። ዕፅዋት በኬሚካል እንደሚነጋገሩ በደንብ ተብራርቷል፤ ሳይንቲስቶች እንዴት እንደደረሱበት ግን በአንድ አረፍተ ነገር ታልፏል። ለኔ ዋናው ነገር እሱ ነው።

በቆሎን እንውሰድ። የአገዳ ቆርቁር (ትሉ አገዳውን ቦርቡሮ የሚበላ የእሳት እራት) እናት ቅጠሉ ላይ እንቁላል ስትጥል አንዳንድ ነባር የገበሬ ዝርያዎች ሽታቸውን ይቀይራሉ። ሽታው ጥቃቅን ተርቦችን ይጠራል። ተርቦቹም እንቁላሉ ውስጥ የራሳቸውን እንቁላል ይጥላሉ፣ ትሉ ሳይፈለፈል ያልቃል። ኬንያ ባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ በኢሲፔ፣ የተሠራው ይህ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

አሠራሩ ይገርማል። ተክሉን በንጹሕ ፕላስቲክ ይሸፍኑና የተጣራ አየር ያስገባሉ። የሚወጣው አየር ሽታን በሚይዝ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። የተያዘውን አጥበው ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ ያስገቡታል፤ መሣሪያው ቅልቅሉን አንድ በአንድ ይለያል። ግን ከነዚህ ሁሉ ኬሚካሎች ነፍሳቱ የሚሰማቸው የትኛው ነው? ለዚህ የነፍሳቱን አንቴና በቀጭን ኤሌክትሮዶች መካከል ያገናኙታል። የሚሰማው ኬሚካል ሲደርስ አንቴናው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይሰጣል። ማለትም ነፍሳቱን ራሳቸውን ይጠይቃሉ!

የሚያሳስበኝ ደግሞ አለ። በዚያው ጥናት የተፈተሹት ለገበያ የሚቀርቡ ድቅል ዝርያዎች ይህን ጥሪ አላሰሙም። እኛም አገር አዲስ ዘር ሲመረጥ የሚታየው ምርቱ ብቻ እንዳይሆን። ባለሙያዎች ካላችሁ፣ የኛን ነባር በቆሎዎች በዚህ መንገድ የፈተሸ አለ?