ማስተካከያ፦ ስለ ክሬቲን መጠንና ስለ ወገብ ቀበቶ

ከባድ ክብደት ለሚያነሱ ሰዎች ባቀረብነው ያለፈው ጽሑፍ ክሬቲን ስለተባለው፣ ለጡንቻ ጉልበት ስለሚወሰደው ማሟያ፣ «በቀን 20 ግራም ይወሰዳል» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ የጸሐፊው ነው። 20 ግራም ለመጀመሪያዎቹ ከ5 እስከ 7 ቀናት ብቻ፣ ያውም በአራት ተከፍሎ የሚወሰድ መጠን ነው። ከዚያ በኋላ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ጨርሶ መተውም ይቻላል፤ በቀን 3 ግራም የሚወስድ ሰው በ4 ሳምንት ገደማ በጡንቻው ውስጥ ያንኑ ያህል ክሬቲን ያከማቻል። እኔ ብሆን ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ለሆድም ለኪስም ይቀላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

«ከሥጋ ስለሚሠራ በጾም አይወሰድም» ያልነውም ትክክል አይደለም። ክሬቲን በተፈጥሮ በሥጋና በዓሣ ውስጥ ይገኛል እንጂ የሚሸጠው ዱቄት በፋብሪካ በኬሚካል መንገድ የሚቀመም ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ካፕሱሉ ነው፤ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከእንስሳት ከሚገኝ ጄላቲን ይሠራል። የቀረውን ለንስሐ አባት እንተወዋለን።

ክብደት ሲነሳ ወገብ ላይ የሚታጠቀው ቀበቶ «ወገብን ከጉዳት ይጠብቃል» ማለታችን ደግሞ የተጋነነ ነበር። ቀበቶ የሚጠቅመው አንሺው ጥልቅ ትንፋሽ ስቦ፣ አየሩን ይዞ ሆዱን ወደ ቀበቶው ሲገፋ ነው። በሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት የሰውነትን ግንድ (ከደረት እስከ ዳሌ ያለውን ክፍል) ያጠነክረዋል። ይህን ሳይለማመዱ ቢታጠቁት ከጌጥ አያልፍም። ለውድድር የሚገዛ ሰው የዓለም አቀፉ ፓወርሊፍቲንግ (የከባድ ክብደት ማንሳት ስፖርት) ፌዴሬሽን ከ10 ሴንቲሜትር የሰፋና ከ13 ሚሊሜትር የወፈረ ቀበቶ እንደማይቀበል ይወቅ።